መሣሪያውና እጁ
ከእንጦጦ ግርጌ፣ በስድስት ኪሎ የሚገኘውን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክርም ያለው በዚሁ ሕንፃ ነው። ዕቃዎቹ በነገድና በአውራጃ ሳይለዩ፣ በሰው የሕይወት ጉዞ፣ ከልጅነት እስከ ሞት፣ ተደርድረዋል። ይህ አደራደር ሕዝቦችን ሳይነጣጥል ስለሚያሳይ ምስጋና ይገባዋል።

ነገር ግን የእጅ ሥራም የራሱ ጉዞ አለው። ጥጥ ከሸማኔው መወርወሪያ የሚደርሰው በመዳመጫ ተዳምጦ፣ በደጋን ተነድፎ፣ በእንዝርት ከተፈተለ በኋላ ነው። መሣሪያዎቹ በየብቻቸው ሲታዩ ዕቃ ናቸው፤ በሥራቸው ተራ ሲታዩ ግን ዕውቀት ይሆናሉ። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎችማ ጭቃውን ያለ መንኰራኵር የሚያበጁት በእጃቸው ስለሆነ፣ ዋናው መሣሪያቸው በመስተዋት ውስጥ ሊቀመጥ አይችልም።

ዐፄ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከለከሉ። ሆኖም እንስራውን ወድዶ ሠሪዋን መናቅ በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። ስለዚህ ቤተ መዘክር ከዕቃው ስም ጋራ የአሠራሩን ተራና የሠሪውን ስም ቢጽፍ፣ ለባለሙያው የሚገባውን ክብር ይመልሳል እንላለን።