ረዳቱ ይሻላል ወይስ ኤጀንቱ? ነፋስ መውጫ ላይ ሆኖ ኮድ ለሚማር

የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ኢኒሼቲቭ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ኮድ መማር የአዲስ አበባ ልጆች ወሬ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ነፋስ መውጫ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ያለ ተማሪም ላፕቶፕ ካገኘ ይሞክራል። ታዲያ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ላይ ምን ይጠይቃል መሰላችሁ? «ቻት የሚደረገውን የዴስክቶፕ ረዳት ልጫን ወይስ ኤዲተሬ ውስጥ ገብቶ ራሱ የሚጽፈውን ኤጀንት?»

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ኤጀንቱ አዲስ ስለሆነ ይሻላል» የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ለምን እንደማልስማማ ላሳያችሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ሁለቱ መሣሪያዎች ከውስጥ የሚጠቀሙት ሞዴል አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ልዩነታቸው ያለው በሚያዩትና እጃቸው በሚደርስበት ቦታ ነው። ረዳቱ የሚያየው እናንተ የለጠፋችሁለትን ያህል ነው፤ መልስ ይሰጣችኋል፣ ገልብጣችሁ ቦታው ላይ የምታስገቡት ግን እናንተ ናችሁ። ኤጀንቱ ፋይሎቻችሁን ራሱ ከፍቶ ያነባል፣ ያርማል፣ ፕሮግራሙን ያስኬዳል፣ ስህተት ሲመጣ አንብቦ እንደገና ይሞክራል። ይህን ዙር ደጋግሞ ይዞራል። (እውነቱን ለመናገር ድንበሩ እየደበዘዘ ነው፤ አንትሮፒክ በኅዳር 2017 ኤምሲፒ የተባለውን የመገናኛ ደንብ ካወጣ በኋላ የዴስክቶፕ ረዳቶችም ፋይል መክፈት ጀምረዋል።)

ለሁለቱም አንድ ሥራ ሰጠኋቸው፦ የእድር መዋጮ መዝገብ። አባላቱን ይመዘግባል፣ ማን በየትኛው ወር እንደከፈለ ይይዛል፣ ስም ይፈልጋል። ቀላል ይመስላል፣ አይደል? ውስጡ ግን ሁለት ወጥመድ አለ፤ ሁለቱም የእኛው ናቸው።

አንደኛው ዘመን አቆጣጠራችን ነው። ጳጉሜን 5 ቀን ናት፣ በየ4 ዓመቱ ግን 6 ትሆናለች። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ያ ዓመት ጳጉሜን 6 አለው፤ 2015ን አካፍላችሁ እዩት። የፈረንጁና የእኛ ዓመት ልዩነትም ሁልጊዜ 8 አይደለም። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አልፎ ድረስ 7 ነው፣ ከፈረንጆች አዲስ ዓመት በኋላ 8 ይሆናል። ሁለተኛው ፊደላችን ነው። ኃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሀይሉ ለእኛ አንድ ሰው ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት። የእድሩ ጸሐፊ በ«ሀ» ፈልጎ በ«ኃ» የተመዘገበውን አባል ካጣው፣ ሰውዬው የከፈለውን እንዳልከፈለ ሊቆጠር ነው።

ከረዳቱ ጋር ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ኮድ መገልበጥ ያሰለቻል፤ አንዴ እንዲያውም የድሮውን ፋይል ትቼ አዲሱን ሌላ ቦታ ለጥፌ ብዙ ደቂቃ ስፈልግ ቆየሁ። ነገር ግን እየጠየቅኩ ስለሄድኩ የጳጉሜን ስሌት የት እንዳለ፣ ለምን እንደዚያ እንደተጻፈ አውቃለሁ።

ኤጀንቱ ቡና ጠጥቼ ሳልጨርስ አደረሰልኝ። ፈተናዎችም ጽፎ ነበር፣ ሁሉም አረንጓዴ። ደስ ብሎኝ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 የተከፈለ መዋጮ ላስገባ ስል «የተሳሳተ ቀን» አለኝ። ምን ሆኖ ነው? ኮዱን ሲጽፍ ጳጉሜን 5 ናት ብሎ ያዘ፤ ፈተናውንም ያው እሱ ስለጻፈው እስከ 5 ብቻ ፈተነ። ተፈታኙና ፈታኙ አንድ ሲሆኑ ስህተቱ አብሮ ያልፋል። ለነገርኩት ወዲያው አረመው፣ ይህን አልክድም። ጥያቄው ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ጳጉሜን 6ን መሞከር እንዳለበት ማን ያውቃል?

ፍጥነቱም ራሱ ሊያታልል ይችላል። ሜትር የሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ 16 ልምድ ያላቸው ፕሮግራመሮች በ246 ሥራዎች ላይ ተፈትነው ነበር። በኤአይ ሲሠሩ 19 በመቶ ዘገዩ፤ እነሱ ግን 20 በመቶ የፈጠኑ መስሏቸው ነበር። ባለሙያዎቹ በደንብ በሚያውቁት የራሳቸው ፕሮጀክት ላይ ስለሠሩ ውጤቱ ለጀማሪ እንዳለ አይገለበጥም። ቢሆንም «ፈጥኛለሁ» የሚለውን ስሜት ብቻ ማመን እንደማይበጅ ያሳያል።

ስለ ወጪ ደግሞ። «ኤጀንት ዳታ ይበላል» ይባላል። ጽሑፍ እኮ ቀላል ነው፤ ዳታ የሚጨርሰው ኤጀንቱ ሳያስጠይቅ የሚያወርደው ፓኬጅ ነው፣ እሱ በመቶ ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ትእዛዝ ከማስኬዱ በፊት ፈቃድ እንዲጠይቅ አድርጋችሁ አስተካክሉት። ሌላው ኮታ ነው። አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይወስዳል፤ ሞዴሎቹም ቃሎቻችንን ከእንግሊዝኛው ይልቅ በብዙ ቁርጥራጭ ስለሚበትኑ በአማርኛ መጠየቅ ኮታ ቶሎ ያሟጥጣል። ኤጀንቱ ደግሞ በየዙሩ የቀደመውን ሁሉ መልሶ ይልካል። የሚከፈልባቸው አገልግሎቶች በአብዛኛው በወር ከ10 እስከ 20 ዶላር ናቸው፤ የዶላር ካርድ ለሌለው ተማሪ ይህ የተዘጋ በር ነው። በ2015 ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ደግሞ ሁለቱም ከንቱ ነበሩ፤ ያኔ የሚሠራው ጭንቅላት ውስጥ የገባው ብቻ ነው።

ጋይንት ውስጥ ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። የድጓ ተማሪ በልማዱ መጽሐፉን በገዛ እጁ ይጽፋል፣ ምልክቱን ይጥላል፤ መምህሩ ያደምጣል፣ ያርማል። ጎበዝ ቁም ጸሐፊ ቀጥሮ የተዋበ ድጓ ማስጻፍ ይቻላል፣ ግን በዚያ አይመሰከርም። ለእኔ ረዳቱ ወደ መምህሩ ይቀርባል፣ ኤጀንቱ ወደ ቁም ጸሐፊው። ቁም ጸሐፊ ክቡር ሙያ ነው፤ የሚጠቅመው ግን የተጻፈውን አንብቦ ማረም ለሚችል ሰው ነው።

ስለዚህ ጀማሪ ከሆናችሁ በረዳቱ ጀምሩ፤ ኮዱንም ከመለጠፍ ይልቅ እያያችሁ በእጃችሁ ጻፉት። ጊት መጠቀም ስትለምዱና ፈተናውን ራሳችሁ መጻፍ ስትችሉ ወደ ኤጀንቱ እለፉ። የመጀመሪያው ፈተናችሁ ጳጉሜን 6 ይሁን። የሚቀጥለው ጳጉሜን 6 በ2019 ዓ.ም. ነው፤ የእድሩ ጸሐፊ ያን ቀን መዝገቡን ሊከፍት ይችላል።