ያለፈውን አለመጠየቅ፦ ከእስር ለሚፈቱ ሴቶች ስለሚሰጥ መንፈሳዊ አገልግሎት

የሃይማኖት ተቋማት ከእስር ለሚፈቱ ሴቶች የሚሰጡት አገልግሎት አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው በሚታየው ሥራ፣ ማለትም በመጠለያው፣ በሙያ ሥልጠናውና በጸሎት ጉባኤው ቢሆንም፣ የአገልጋዩ ብስለት ይበልጥ የሚፈተነው ስለ ሴቲቱ ያለፈ ሕይወት የሚያውቀውን ነገር በሚይዝበት መንገድ ነው። ይህን ጉዳይ ለአገልጋዩ በጎ ፈቃድ ሳይተው የማኅበር ሥርዓት ካደረጉት ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው የዶሚኒካን ካህን ዣን ዦዜፍ ላታስት ነው።

ላታስት እ.ኤ.አ. በ1864 በትውልድ ከተማው በካዲያክ ወደሚገኘው የሴቶች ወህኒ ቤት የተላከው ሱባኤ እንዲመራ፣ ይኸውም ለጥቂት ቀናት እንዲሰብክና ኑዛዜ እንዲቀበል ነበር። በዚያም በዝምታ ደንብ ሥር የሚሠሩ፣ አንዳንዶቹም በስርቆት ወይም አዲስ የተወለደ ሕፃን በመግደል የተፈረደባቸው ወደ አራት መቶ የሚጠጉ እስረኞችን አግኝቶ እህቶች ብሎ ጠራቸው። የቅጣት ዘመናቸውን ቢፈጽሙም፣ ከልብም ንስሐ ቢገቡ፣ ከደጅ የሚጠብቃቸው የወንጀለኝነት ስም ብቻ መሆኑን በመረዳቱ፣ በ1866 በፍራን ለ ሻቶ መንደር ቤታንያ የተባለውን የመነኮሳይያት ማኅበር መሠረተ። በዘመኑ የነበሩ የንስሐ ቤቶች ከእስር የመጡትን ሴቶች ከመነኮሳይያቱ ለይተው በሌላ ልብስና በሌላ ደረጃ ያኖሯቸው ስለነበር፣ ቤታንያን ልዩ ያደረጋት የፈተና ጊዜያቸውን የፈጸሙት ከሌሎቹ ጋር አንድ ልብስ ለብሰው በአንድ ሥርዓት መኖራቸውና ከመካከላቸው ማን ከወህኒ፣ ማን ከቤተሰቧ እንደመጣች አለመነገሩ ነው። መሥራቹ በ1869 ገና በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ቢሞትም ማኅበሩ ቀጥሏል፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም እ.ኤ.አ. በ2012 ብፁዕ ብላዋለች።

ይህ ዝምታ ጥፋትን ከመካድ ጋር ሊምታታ አይገባም። በደል የሚነገርበት የራሱ ቦታ አለው፤ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊትም የንስሐ አባት የሰማውን በምስጢር መያዙ የኃላፊነቱ ዋና ክፍል ነው። አስቸጋሪው በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ የተለመደው ምስክርነት፣ ማለትም ምእመን እግዚአብሔር ያደረገለትን በጉባኤ ፊት የሚናገርበት ልማድ፣ ከወህኒ በወጣች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከአንዲት ሴት ሲጠበቅ ነው። ልማዱ በራሱ መልካም ነው፤ ነገር ግን የምታድርበት አልጋና የምትበላው እንጀራ ከጋባዦቿ እጅ የሆነላት ሴት "እሺ" ስትል ፈቃዷ ምን ያህል ነጻ እንደሆነ ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም፤ በዚያ ቀን የተናገረችውንም ከጎረቤት ጆሮ መልሳ ልትወስደው አትችልም። ስለዚህ የበሰለ አገልጋይ መጀመሪያ የሚጠይቃት ለምን እንደታሰረች ሳይሆን ዛሬ የት እንደምታድር፣ መታወቂያ እንዳላትና ልጆቿ ከማን ጋር እንዳሉ ነው። በመዝገቡም ለእርዳታው የሚያስፈልገውን ብቻ ይጽፋል። አብረዋት ለሚኖሩት ደህንነት ሲባል መታወቅ ያለበት ነገር ካለ፣ ለአንድ ኃላፊ ብቻ፣ እሷም እያወቀች ይነገራል።

የቤታንያ መልስ የምንኩስና መልስ እንደነበር ግን መዘንጋት የለበትም፤ ከእስር የሚወጡ አብዛኞቹ ሴቶች የሚመለሱት ወደ ልጅ፣ ወደ ቤት ኪራይና ወደ ሥራ ፍለጋ ነው። በአሜሪካ ናሽቪል የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ካህን ቤካ ስቲቨንስ እ.ኤ.አ. በ1997 የመሠረተችው፣ ዛሬ ቲስል ፋርምስ በሚል ስም የሚታወቀው ድርጅት ከወሲብ ንግድ፣ ከሱስና ከእስር ለወጡ ሴቶች ሁለት ዓመት ያለ ኪራይ የሚኖሩበት ቤት ይሰጣል፤ ሻማና የገላ ቅባት እያመረቱም ደመወዝ የሚያገኙበትን መንገድ ከፍቷል። እዚያ ሴቶቹ ታሪካቸውን በአደባባይ መናገራቸው የተለመደ በመሆኑ ከላታስት መንገድ የራቀ ይመስላል፤ ሆኖም ነገ ከቤት እወጣለሁ ብላ የማትሰጋ ሴት መናገርንም ዝም ማለትንም መምረጥ ስለምትችል፣ ከንግግሩም ከዝምታውም በፊት የሚቀድመው የመኖሪያው ዋስትና ነው።

ከዚህ ሁሉ ውጭ የሚቆም አንድ ጠያቂ አለ፤ እሱም ልጅ ነው። ልጁን የምታሳድገው አያት ላለማሳቀቅ ስትል እናትህ ዓረብ አገር ናት ብላው ከሆነ፣ እናቲቱ በተመለሰች ዕለት የት እንደነበረች ሲጠይቃት ወይ ውሸቱን መቀጠል ወይ ያሳደገችውን አያት ውሸታም ማድረግ ይገጥማታል። አገልጋዩ በእናቲቱ ፋንታ አይመልስም፤ እሷ ከመፈታቷ በፊት ወደ አያቲቱ ሄዶ፣ ለልጁ ዕድሜ የሚመጥነው እውነት የቱ እንደሆነና ማን እንደሚነግረው ሁለቱ ሴቶች እንዲስማሙ ያግዛል፤ ጎረቤት ቀድሞ ከነገረው ነገሩ እጅግ ይከብዳልና።