«ወይፈኖቹን ገርቷቸዋል»፦ በእኩል እርሻ ውል ማፍረሻ ንግግር ላይ የቀረበ ሂሳዊ አስተያየት

በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል ውስጥ «ባለመሬት» እና «አራሽ» የሚሉት ቃላት ሲነሡ፥ ከተማሪው አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው የፊታውራሪ መሸሻ ምስል ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ባላባቱ ከልማዱ በላይ ይጠይቃል፤ ባላገሩም በአበጀ በለው መሪነት እምቢ ይላል። ምስሉ ጠንካራ ነው። ጠንካራ በመሆኑም የሚጋርደው ነገር አለ። እኔም ለዓመታት ሳስተምር፥ ባለመሬት ማለት ጉልበተኛ፥ አራሽ ማለት ተጠቂ ነው የሚለውን ንባብ ያለ ብዙ ጥያቄ ሳስተላልፍ ኖሬአለሁ። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው፥ ይህ ንባብ በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ የእኩል እርሻ ላይ እንዳለ ሲጫን፥ ውሉ የሚፈርስበትን ንግግር እንዳንሰማ የሚያደርገን መሆኑን ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ ልቦለዱ ራሱ ይህን ንባብ ሙሉ በሙሉ አይደግፍም። በፊታውራሪ መሸሻና በባላገሩ መካከል ያለው ጠብ የግብር ጠብ እንጂ የ«ልቀቅ» ጠብ አይደለም። በሰሜኑ የርስትና የጉልት ሥርዓት የጉልተኛው መብት በግብሩ ላይ ስለ ነበረ፥ ርስተኛውን ከመሬቱ ለማስነሣት ያለው መንገድ ጠባብ ነበር። «ልቀቅ» የሚለው ቃል በደቡቡ ጭሰኛ ላይ፥ በሰሜንም ርስት በሌለው አራሽ ላይ ነበር የሚከብደው። ከዚህም ሌላ አንባቢ እንደሚያስታውሰው፥ ልቦለዱ የሚከፈተው በባላባትና በጭሰኛ አይደለም። ሀብት ያላትና ባሎች የሞቱባት ውድነሽ በጣሙ ከድኃው ከቦጋለ መብራቱ ጋር ትገናኛለች። ሀብቱ በሴቲቱ፥ ጉልበቱ በወንዱ በኩል ነው። ደራሲው ይህን ልዩነት በጋብቻ ስለሚዘጋው፥ ሀብት ያላት ሴት ጉልበት ያለውን ወንድ «ከእንግዲህ በቃን» ማለት ቢኖርባት በምን ቃል እንደምትለው ሳናይ እናልፋለን። የሂስ ጽሑፎቻችንም ከዚህ ምዕራፍ በፍጥነት ወጥተው ወደ በዛብህና ሰብለ ወንጌል መሮጥ ይቀናቸዋል።

በሕይወት ግን ጥያቄው አልተዘጋም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 ጭሰኝነትን ሲሽር መሬት ማከራየትንም ከልክሎ ነበር፤ ያም ሆኖ ሌላ መተዳደሪያ የሌላት ሴት፥ ሕመምተኛና ሽማግሌ በሰው ጉልበት ማሳረስ እንዲችሉ ቀዳዳ ትቶላቸዋል። አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች ፊታውራሪ መሸሻን ሲሽሩ ውድነሽን አስታውሰዋል ማለት ይቻላል። በኋላም በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ድልድል ተደረገ፤ የገጠር መሬት ማከራየትም በሕግ ተፈቀደ። በመሆኑም ዛሬ በስማዳ «ባለመሬት» የምትባለው አንዳንድ ጊዜ የይዞታ ደብተር በእጇ ያለ፥ በሬ ግን የሌላት መበለት ናት። «አራሽ» የሚባለውም ሁለት በሬና ሁለት የደረሱ ወንዶች ልጆች ያሉት ጎረቤቷ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከወገዳ ራቅ ባለች ቀበሌ እንዲህ ያለውን ጉዳይ ሽማግሎች ሲያዩ ተቀምጬ አዳምጫለሁ። ሴትዮዋ መሬቷን ለአምስት ዓመት በእኩል ሰጥታ ኖራለች። በጥር፥ አውድማው ላይ ጤፉ እየተሰፈረ ሳለ፥ «ዘንድሮስ ወንድሜ ወይፈኖቹን ገርቷቸዋል» አለች። አራሹም «እሰይ፥ ደግ አደረገ» ብሎ መለሰ። እህሉን ተካፍለው ተለያዩ። በመጋቢት አራሹ መሬቱን ጎለጎለው፥ ቆይቶም አየመው። በግንቦት ወንድምዬው ሞፈርና ቀንበሩን ተሸክሞ፥ የተገሩትን ወይፈኖች እየነዳ መጣ። ጠብ ሆነ።

ሽማግሎቹ ሴትዮዋን «ልቀቅ ብለሽዋል?» ብለው ጠየቋት። «እንዴት ብዬ? አምስት ዓመት ያረሰልኝን ሰው፥ እህል እየተካፈልን፥ ውጣልኝ ልበለው?» አለች። አራሹም ወደሷ ዞሮ «እታለም፥ አንቱ የነገሩኝ ስለ ወይፈኖቹ ነው። ስለ መሬቱ መቼ ነገሩኝ?» አላት። በአክብሮት ነበር የተናገረው፤ «አንቱ» የሚለውም ከአፉ አልጠፋም። ሽማግሎቹ ከተመካከሩ በኋላ አራሹ የዘንድሮን ዘርቶ እኩል እንዲያካፍልና በሚመጣው ጥር እንዲለቅ ወሰኑ። ወደ ፊትም ውል ማፍረስ የሚፈልግ ሰው መሬቱ ሳይጎለጎል፥ ሁለት ሰው እየሰማ በግልጽ እንዲናገር አሳሰቡ።

አሁን የሴትዮዋን ዐረፍተ ነገር እንደ ጽሑፍ እንመርምረው። ሦስት ቃል ብቻ ተከትለውት የመጡት «ዘንድሮስ» ብዙ ሥራ ይሠራል፤ መጨረሻው ላይ ያለችው «ስ» ዘንድሮን ካለፉት አምስት ዓመታት ለይታ ታቆማለች። ባለቤቱ «እኔ» ሳይሆን «ወንድሜ» ነው፤ ስለዚህ የማስነሣቱ ጭካኔ ከተናጋሪዋ ይርቃል። ግሱ ያለቀ ነገር ይናገራል፤ ምክር የሚጠየቅበት ወይም የሚለመንበት ጊዜ አልፏል። ወይፈን የሚገራው ለማረስ ነው፤ የሚታረሰው መሬት ግን አልተጠራም። የተመረጠውም ጊዜ ጥር ነው፤ አራሹ ጉልበቱን ሳያፈስ ሌላ መሬት መፈለግ የሚችልበት ወር። ከዚህ የተሻለ ቅድመ ማስታወቂያ ማርቀቅ ለእኔ ያዳግተኛል።

የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተ ልሔም ባለችበት በጋይንት አካባቢ እንዲህ ያለ አነጋገር ብርቅ አይደለም። እኛ መምህራን ስንሰማው ወዲያው «ሰምና ወርቅ» ብለን እናደንቃለን። ዶናልድ ሌቪንም በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው በዚሁ ስም በሚጠራው መጽሐፉ አሻሚነትን ከቅኔ አልፎ የአማራ ባህል ጠባይ አድርጎ አይቶታል። ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። አሻሚነትን የባህል ጌጥ አድርገን ስንወስድ፥ ዋጋውን ማን እንደሚከፍል መጠየቅ እንተዋለን። በቅኔ ቤት ሰሙን ብቻ ይዞ የሚመልስ ተማሪ ይገሠጻል። በዚያ ሸንጎ ግን ሰሙን ብቻ ሰማሁ ያለው ሰው የአንድ ዓመት እኩል አገኘ።

ጌቴ ገላዬ የምሥራቅ ጎጃም ገበሬዎች ለ1989ኙ የመሬት ድልድል በቃል ግጥም የሰጡትን ምላሽ ማጥናቱ ለዘርፉ ትልቅ አስተዋፅኦ ነው። ይሁን እንጂ የቃል ግጥም አድማጭ ተሰብስቦ የሚባል ነው፤ ሰሚው ብዙ ስለሆነ አልሰማሁም ማለት ይከብዳል። የአውድማዋ ዐረፍተ ነገር አንድ ሰሚ ብቻ ነበራት፤ እሱም ባለ ጉዳዩ ነው። እንዲህ ያለውን ግማሽ መስመር ስድ ንባብ እንደ ሥነ ቃል ቆጥረን የምንሰበስበው መቼ ነው?

በከተማ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በነፋስ መውጫ ወይም በደብረ ታቦር ቤት አከራይ «ልጄ ትምህርቱን ጨርሶ ሊመጣ ነው» ሲል፥ ተከራዩ በማግስቱ ቤት ፍለጋ ይወጣል። «የነገሩኝ ስለ ልጅዎ ነው፥ ስለ ቤቱ መቼ ነገሩኝ?» የሚል ተከራይ እስካሁን አላጋጠመኝም። የንግግሩ ስልት አንድ ነው፤ ባለቤቱ ሌላ፥ ጊዜው ያለቀ፥ ዋናው ስም ያልተጠራ። ልዩነቱ ከቤቱ ባለቤት አፍ ሲወጣ ወርቁ ያለ ፍቺ መሰማቱ ነው። በሬ ከሌላት መበለት አፍ ሲወጣ ግን ሰም ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ለአሻሚነት ፍቺ የሚሰጠው የሰሚው ብልኅነት ብቻ አይደለም፤ አልሰማሁም ብሎ መኖር መቻል አለመቻሉም ነው።

የሕጉን ቋንቋ በአጭሩ አነሣለሁ። ረኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ አርቅቆት በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአማርኛው «ማስጠንቀቂያ» ይላል። ቃሉ ከ«ተጠነቀቀ» የመጣ ስለሆነ፥ ሰውየው ሳይጎዳ እንዲጠነቀቅ ማድረግ ማለት ነው። በዚህ ፍቺ ሴትዮዋ አስጠንቅቃለች። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ሲያዝ፥ ለከተማው ተከራይ መከታ ሆኗል። ያው የግልጽነት ጥያቄ አውድማ ላይ ሲመጣ የጎዳው ግን ደካማዋን ነው፤ ጎረቤቷን በአፏ ውጣልኝ ብላ፥ በማግስቱ እሳት ልትጭር ወደ ቤቱ የምትሄደው እሷ ናትና።

ከሸንጎው ስንመለስ አራሹ ቁልቁለቱን አብሮኝ ወረደ። መምህር መሆኔን ያውቃል። ወይፈኖቹ መገራታቸውን ከሴትዮዋ አፍ ሲሰማ ምን እንዳሰበ ጠየቅሁት። ሳቅ አለና፥ «እኔማ ቀድሜ አውቅ ነበር፥ መምህር። ሲገሩ አንደኛውን የያዝሁለት እኔ ነኝ» አለኝ።

ይህን ለሽማግሎቹ ተመልሼ አልነገርኋቸውም።