«አንቺስ እህል ቀምሰሻል?»

በአገራችን ሆስፒታል ከታማሚው አልጋ ሥር ሁለተኛ ሰው አለ፤ አስታማሚ። መድኃኒት ፍለጋ ፋርማሲ ለፋርማሲ ይዞራል፣ የላብራቶሪ ወረቀት ይዞ ይሮጣል፣ ሌሊት ነጠላ ደርቦ ወለል ላይ ይጋደማል። በስሙ የወጣ ካርድ ስለሌለው «አንተስ እንዴት ነህ?» የሚለው የለም።

እኔ የማደንቀው የምትጠይቀውን ነርስ ነው። ስትሮክ የመታው አባቷን የምታስታምም ልጅ ዘንድ መጥታ፣ ግሉኮሱን ካስተካከለች በኋላ፣ «አንቺስ እህል ቀምሰሻል?» የምትለውን። ልጅቱ ብዙ ጊዜ እንባዋ የሚያመልጣት እዚህች ጥያቄ ላይ ነው።

ቀጥሎ ሙያው ይመጣል። በየ2 ሰዓቱ እንዴት እንደሚገላበጥ፣ ተረከዙና የወገቡ ታች ለምን ቶሎ እንደሚቆስል፣ ሲጎርስ ለምን ቀና ብሎ መቀመጥ እንዳለበት (ተጋድሞ ከጎረሰ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል) ታሳያታለች። ከዚያ «በይ አሁን አንቺ አሳዪኝ» ትላታለች። ብልሃቷ ይገርመኛል፤ «ገባሽ?» ብትላት ኖሮ ልጅቱ በይሉኝታ «አዎ ሲስተር» ብላ ታልፍ ነበር።

የአስታማሚን ጫና የሚለካ፣ 22 ጥያቄዎች ያሉት የዛሪት መጠይቅ የሚባል አለ። ደግ ነገር ነው። ዋርድ ሙሉ ሕመምተኛ ይዛ የምታድር ነርስ ግን መቼ ልትሞላው? አንዷን ጥያቄ ትጠይቅና «ዛሬ ወንድምሽ ይደር፤ አንቺ ቤት ሄደሽ ተኚ» ብላ እዚያው ቆማ ታስደውላታለች።