በቀን አንድ ድርሰት

«ክላሲካል» ሲባል ብዙዎቻችን ከቤትሆቨንና ከሞዛርት አናልፍም። እኔም እንዲያው ነበርኩ። ደባርቅ በሰነበትኩባቸው ቀናት ግን የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን የፒያኖ አልበም፣ በኢትዮፒክስ ተከታታይ 21ኛ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣውን፣ በቀን አንድ ድርሰት ብቻ እያልኩ አደመጥኩት። 16 ድርሰት፣ 16 ምሽት።

ባንድ ጊዜ ሲደመጡ ሁሉም አንድ ይመስላሉ፤ «ይደጋግማሉ» የሚል ወቀሳም ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል። ለየብቻ ሲደመጡ ግን መልካቸው ይለያል፤ በአንዳንዶቹ ግራ እጅ የዋልዝን ምት ሲጠብቅ፣ ቀኝ እጅ እየቀደመና እየዘገየ በአምስት ድምፅ ቅኝት ያንጎራጉራል።

ይህ ነፃነት ከወዴት መጣ? እማሆይ በካይሮ ቫዮሊንና ፒያኖ ተምረዋል፤ በኋላም ጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጥንተዋል። ያሬድ ደግሞ በትውፊት እንደሚነገረው የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈው እዚሁ ስሜን ነው። ማለዳ የካህናቱን ዜማ፣ ማታ ፒያኖውን ስሰማ ዝምድናቸው ተገለጠልኝ፤ ሁለቱም ለትንፋሽ እንጂ ለሰዓት አይገዙም።

እማሆይ እ.ኤ.አ. በ2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም አረፉ። ሙዚቃቸው ዛሬ የወሬ ማጀቢያ ሆኗል። በቀን አንዷን ዝም ብለን ብንሰማ ክላሲካላችንን ከደጃችን እናገኘዋለን።