የጥንዚዛዋ «ምልክት» የቱ ነው? በሥነ በራሂ ቃላት አተረጓጎም ላይ የቀረበ ሒስ

የሙያ ቃል አቻ የሚፈተነው በመዝገበ ቃላት ዐምድ ብቻውን ቆሞ ሳይሆን ከሌሎች ቃላት ጋር ዐረፍተ ነገር ሲሠራ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው በባለሰባት ነጥብ ጥንዚዛ (ኮክሲኔላ ሴፕቴምፑንክታታ) ላይ የሚደረገው የኢንሱሊን በራሂዎች ጥናት ወደ አማርኛ ሲመለስ ለተርጓሚ ብዕር የሚቀርቡትን አራት አቻዎች ነው። ይህች ጥንዚዛ ክሽክሽን እየበላች ሰብል የምትጠብቅ ስለሆነች፣ ጥናቱ የግብርናውንም ባለሙያ ይመለከታል፤ ቃሉ ከሳተ ሥራውም ይስታል።

የመጀመሪያው «የቆሽት ቅመም» ነው። ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 በቶሮንቶ ሲገኝ ከውሻ ቆሽት የተወሰደ ነበር፤ ስሙም በቆሽት ውስጥ ካሉት የሕዋስ «ደሴቶች» በላቲን የወጣ ነው። ነፍሳት ግን ቆሽት የላቸውም። ኢንሱሊን መሰል ፔፕታይዶቻቸውን በዋናነት የሚያመነጩት የአንጎል ሕዋሳት ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተለይቶ የታወቀው የሐር ትል ቦምቢክሲንም የተገኘው ከራስ ነው። ቆሽት ለሌላት ጥንዚዛ የቆሽት ቅመም ከመስጠት «ኢንሱሊን መሰል ፔፕታይድ» ማለት ይበጃል። ትክክለኛ የውሰት ቃል ከተሳሳተ ፍች ይሻላልና።

ሁለተኛው «የኢንሱሊን ምልክት» ነው። ምልክት በአማርኛ የቆመ ነገር ነው፤ የበሽታ ምልክት፣ የመንገድ ምልክት እንላለን። ጀርባዋ ላይ ሰባት ነጥብ ስላላት ጥንዚዛ ሲነገር ደግሞ አንባቢው «ምልክት»ን ነጥቦቹ አድርጎ ቢረዳ አይፈረድበትም። በሕዋሱ የሚካሄደው ግን እንቅስቃሴ ነው፦ ኢንሱሊን በሕዋሱ ገጽ ካለው ተቀባይ ጋር ይገናኛል፤ ተቀባዩ ለቀጣዩ ፕሮቲን፣ ያም ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። ይህ ቅብብል ነው። ስለዚህ «የኢንሱሊን መልእክት ቅብብል» የሚለውን እንመርጣለን።

ሦስተኛው «የበራሂ አገላለጽ» ነው። እንደ አነጋገር፣ አካሄድና አበላል ሁሉ፣ በዚህ ቅርጽ የሚመሠረት ስም የድርጊቱን ሁኔታ እንጂ ድርጊቱን አይሰይምም። አነጋገር ያምር ይሆናል፤ «አነጋገሩ በሦስት እጥፍ ጨመረ» ግን አይባልም። ተመራማሪው የሚለካው ከበራሂው የተቀዳውን አርኤንኤ መጠን ስለሆነ፣ «የበራሂ መገለጥ» እና «የመገለጥ መጠን» ማለት ይገባል። ነገሩን ለማቅለል «የበራሂ ሥራ» ማለትም አይሆንም። ለምሳሌ ፎክሶ የተባለው ፕሮቲን የኢንሱሊን መልእክት ሲደርስ ከሕዋሱ አስኳል ውጭ ይያዛል፤ መልእክቱ ሲደክም ወደ አስኳሉ ገብቶ ሌሎች በራሂዎችን ይቀሰቅሳል። የራሱ በራሂ የመገለጥ መጠን ሳይለወጥ የፕሮቲኑ ሥራ ሊለወጥ ይችላል ማለት ነው። ሁለቱን ነገሮች በአንድ ቃል ብንጠራ ግኝቱን ራሱን እናጠፋለን።

አራተኛው፣ ዲያፖዝን «የክረምት እንቅልፍ» ማለት ከሁሉ ይከፋል። ክረምት በእኛ የዝናብ ወራት ነው፤ በአውሮፓ ብርዱ ሲጠና እኛ በጋ ላይ ነን። ይህችው ጥንዚዛ በጃፓን አንዳንድ አካባቢዎች የምታርፈው ደግሞ በሙቀት ወራት ነው። እንቅልፍም አይደለም፤ የእንስቷ እንቁልጢ ሳይጎለብት ይቆያል፣ አካሏም ስብ ያከማቻል። ብርድ ያደነዘዛት ጥንዚዛ ሁሉ በዲያፖዝ ላይ ናት ማለት አይደለም፤ ጥንዚዛዎችን አርብቶ በቅዝቃዜ የሚያከማች ባለሙያ ሁለቱን ካምታታ ብዙዎቹን ሊያጣ ይችላል። ለዚህች ጥንዚዛ «የመራባት ዕረፍት» የተሻለ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች እናነጻጽር፦ «የጥንዚዛዋ የኢንሱሊን ምልክት በራሂ አገላለጽ በክረምት እንቅልፍ ተለካ» እና «የጥንዚዛዋ የኢንሱሊን መልእክት ቅብብል በራሂዎች የመገለጥ መጠን በመራባት ዕረፍት ጊዜ ተለካ»። ሁለተኛው ይረዝማል፤ ይሁን እንጂ ምን እንደ ተለካና መቼ እንደ ተለካ ይናገራል። ከሙያ ቃል የምንጠብቀውም ይህንኑ ነው።