ሌትን ቀን ለማድረግ ስድስት እርምጃ

የቃላት መሰላልን የልጆች ጨዋታ ነው ብሎ የሚንቅ ካለ ለአፍታ ይታገሠኝ። በኦክስፎርድ ሒሳብ ያስተምር የነበረው፣ በብዕር ስሙ ሉዊስ ካሮል የሚታወቀው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1879 በለንደኑ «ቫኒቲ ፌር» መጽሔት ያቀረበው ሕግ አጭር ነው፤ በየእርምጃው አንድ ፊደል ብቻ እየለወጡ ከአንድ ቃል ወደ ሌላው መድረስ። መሐል ያሉትም ሁሉ እውነተኛ ቃላት መሆን አለባቸው።

እኔ በየዕለቱ የምፈታው የእንግሊዝኛውን ነው። ውሎ ሲያድር አንድ ጉድለት ታዝቤበታለሁ፤ ፍቺ አይጠይቅም። አጻጻፉን የሸመደደ ሁሉ ያሸንፋል።

በአማርኛስ? ይኸው፦ ሌት፣ ራት፣ ራስ፣ ዋስ፣ ዋና፣ ቀና፣ ቀን። «ቀና» «ቀን» ሲሆን የተለወጠው አናባቢው ብቻ ነው። «ሌት» «ራት» ሲሆን ግን ተነባቢውም አናባቢውም በአንድ ፊደል አብረው ተለወጡ። በላቲን ብንጽፈው ይኸው እርምጃ ሁለት ይሆን ነበር፤ ያውም በአጻጻፉ ከተስማማን! በስልካችን አማርኛን በላቲን ስንጽፍ ሁላችንም በየራሳችን ነን። የጋራ አጻጻፍ በሌለበት ደግሞ ጨዋታው ዳኛ የለውም።

እናም በውጭ ለሚያድጉ ልጆቻችን መሰላሉን እናዘጋጅ የምትሉ ወገኖች፣ የእንግሊዝኛውን ሕግ እንዳለ አትገልብጡት። በፊደላችን ይሁን፤ ልጁም በየእርምጃው ፍቺውን ይናገር። «ዋስ» ምን እንደሆነ ያልነገረን «ዋና» ላይ አይውጣ። በሀ፣ በሐ እና በኀ የምንጨቃጨቀው እኛ አዋቂዎቹ ግን አስቀድመን በአንድ መዝገበ ቃላት እንዳኝ።